የአበበ ቢቂላ መንገዶች

ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አለ ቢባል ማን ያምናል? ስሙን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። በስሙ የተጠራ ስታዲየም አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ግን እዚሁ ዲፓርትመንታችን ውስጥ እርስ በርሳችን አበበ ማነው ብለን ብንጠያየቅ የአብዛኞቻችን መልስ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አያልፍም፤ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈ ጀግና ነው እንላለን። በቃ።

መልሱ ውሸት አይደለም። ችግሩ ታሪኩን ከመጨረሻው መጀመሩ ነው። ሰውየው ከየት እንደተነሳ፣ በየትኛው መንገድ ላይ ስንት ዓመት እንደለፋ፣ ማን ሰዓት እንደያዘለት፣ ከድሉ በኋላስ ምን እንደደረሰበት አይነግረንም። ከዚያም በላይ የአበበን ድል እንደ ተአምር እንድናየው ያደርገናል። ተአምር ደግሞ ሊጠና አይችልም፤ ዝም ብሎ ይደነቃል እንጂ።

እኔ በዚህ ጽሑፍ የአበበን ሕይወት በሮጠባቸው መንገዶች በኩል ልተርከው እሞክራለሁ። መንገዶቹን አንድ በአንድ ከተከተልን ባዶ እግሩ ከታሪኩ ትንሹ ክፍል ሆኖ እናገኘዋለን ብዬ አምናለሁ። ዘመኑን ሁሉ የጻፍኩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጃቶ

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ በዚያን ጊዜ በሰላሌ አውራጃ ሥር በነበረችው ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ነው። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። የሚገርመው ነገር ልክ በዚያች ቀን አሜሪካ አገር፣ ሎስ አንጀለስ ከተማ፣ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። ሁዋን ካርሎስ ዛባላ የሚባል አርጀንቲናዊ አሸነፈ። ጃቶ ላይ ደግሞ አንድ የገበሬ ልጅ ተወለደ። ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኝ ምንም ክር በጊዜው አልነበረም።

ልጁ ሦስት ዓመት እንዳለፈው፣ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የፋሺስት ጣሊያን ጦር አገራችንን ወረረ። የአበበ ቤተሰብም ከቀዬው ተፈናቅሎ ጎሮ ወደምትባል ራቅ ያለች ቦታ ሄደ። በኋላ እናትና አባቱ ተለያዩ፤ እናቱ ሌላ ባል አግብተው ወደ ጃቶ አካባቢ ተመለሱ፤ አበበም እዚያው አደገ። እንግዲህ የመጀመሪያው ረጅም መንገዱ የስደት መንገድ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደፊት ሮም ስንደርስ ያስፈልገናል።

ያ አገር ደጋ ነው። በዚያ አገር መንገድ ሲባል ሰውና ከብት እየረገጠ ያወጣው ቀጭን የእግር መንገድ ነው። አንዱ ወደ ምንጭ ይወርዳል፣ አንዱ ወደ ገበያ ይሄዳል፣ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል፣ ሌላው በእርሻ መሐል አቋርጦ ግጦሽ ላይ ያደርሳል። ክረምት ሲሆን ጭቃው እግር ይይዛል፤ በጋ ላይ ደግሞ መሬቱ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። የገጠር ልጅ በዚህ መንገድ ላይ የሚሮጠው ስፖርት ልሥራ ብሎ አይደለም። ከመንጋው ያፈነገጠች ጊደር ሰው እህል ውስጥ ከመግባቷ በፊት መመለስ አለባት። መልእክት ተልኮ ቶሎ መመለስ አለበት። ሲመሽበት ደግሞ ከጅብ በፊት ቤት መግባት አለበት። መንገዱ ሜዳ ብቻ ስላልሆነ ልጁ ሳያውቀው ዳገት ላይ ትንፋሹን መመጠን፣ ቁልቁለት ላይ ጉልበቱን መቆጠብ፣ ድንጋያማ ቦታ ላይ እግሩን መርጦ ማሳረፍ ይለምዳል።

አበበ በልጅነቱ ገና ይጫወት እንደነበር ይታወቃል። የገና ጨዋታ ዛሬ ከተማ ውስጥ በአንድ ሜዳ ላይ ሲጫወቱት እንደምናየው ዓይነት ብቻ አይደለም። በድሮው የገጠር ወግ በሁለቱ ጎሎች መሐል ያለው ርቀት አንዳንዴ ኪሎ ሜትሮች ይሆናል። ሩሯን እያሳደዱ በእርሻና በመስክ፣ በቦይና በጉብታ ላይ ሲራወጡ መዋል ነው። ይህንን ያየ አሠልጣኝ ጨዋታ ነው ብሎ አያልፈውም።

በዚያ ላይ ከፍታው አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር አየሩ ስስ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። ሰውነት ይህንን ለማካካስ ኦክስጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሴሎች ቁጥር ይጨምራል። ዛሬ የውጭ አገር ሯጮች ገንዘብ ከፍለው ወደኛ አገርና ወደ ኬንያ የሚመጡት ለዚሁ ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆመን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። በዚያ ከፍታ ላይ፣ በዚያው ዓይነት መንገድ ላይ ስንት ሺህ ልጅ አድጓል? ሁሉም ኦሊምፒክ አሸነፈ እንዴ? አላሸነፈም። ስለዚህ ገጠሩ መሠረቱን ሰጠው እንጂ ቤቱን አልሠራለትም። ቤቱ የተሠራው በሌላ መንገድ ላይ ነው።

ከሱሉልታ እስከ አዲስ አበባ

አበበ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በ1944 ዓ.ም. አካባቢ በክቡር ዘበኛ 5ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ተቀጠረ። ለገበሬ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ደመወዝ አለ፣ ልብስ አለ፣ ዘመድ የሚረዳበት ነገር አለ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ላይ ደግሞ በየቀኑ ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይመላለስ እንደነበር ይነገራል።

ይህንን መንገድ የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው። ሱሉልታ ከእንጦጦ በስተጀርባ፣ በሰሜን በኩል፣ የጎጃምን መንገድ ይዞ የሚገኝ ሰፊ ሜዳ ነው። ከአዲስ አበባ መሐል ከተማ ከፍ ይላል። በሁለቱ መሐል የእንጦጦ ተራራ ተጋድሟል፤ አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከሱሉልታ የሚነሳ ሰው በመጀመሪያ ሜዳውን ያቋርጣል፣ ከዚያ ዳገቱን ይያያዛል፣ ከዚያ ባሕር ዛፍ መሐል ቁልቁል ወደ ከተማው ይወርዳል። ሲመለስ ደግሞ የወረደውን ሁሉ ይወጣዋል። ይህንን መንገድ አንድ ቀን መሮጥ አንድ ነገር ነው። ዝናብ ቢሆን፣ ብርድ ቢሆን፣ የዘበኝነት ተረኛ ሆኖ ሳይተኛ ያደረ ቀን ቢሆን በየቀኑ መሮጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ጭብጨባ የለ፣ ሰዓት የሚይዝ የለ፣ ሽልማት የለ።

ሰዓት የሚይዘው ሰው ዘግይቶም ቢሆን መጣ። ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ የክቡር ዘበኛን ወታደሮች በስፖርት እንዲያሠለጥን ተቀጥሮ ነበር። ይህ ሰው አበበን አየው፤ አይቶም አልተወውም። በረጅም ርቀት፣ በዳገት፣ በመም ላይ ደግሞ በአጫጭር ፈጣን ሩጫዎች ያሠለጥነው ጀመር። ሰዓት ይይዛል፤ ይመዘግባል፤ ያነጻጽራል። በጫማና ያለ ጫማ ሲሮጥ ያለውን ልዩነት ሳይቀር አጥንቷል። ስለዚህ አበበ ባዶ እግሩን መሮጥ የጀመረው ሮም ላይ ድንገት ጫማ አጥቶ አይደለም። በልምምዱም ያለ ጫማ ይሮጥ ነበር።

በዚያን ጊዜ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የታወቀው ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ነበር። አበበ ስሙ ያልገነነ፣ ዝምተኛ ወታደር ነው። በሐምሌ ወር 1952 ዓ.ም. ግን አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኑን ሮጦ አሸነፈ። አንድ ወር ቆይቶ እንደገና ሮጠ፤ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ይህ ሰዓት ታላቁ የቼኮዝሎቫኪያ ሯጭ ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. ሄልሲንኪ ላይ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን (2:23:03) የፈጠነ ነበር። ልብ በሉ፤ ዛቶፔክ የሮጠው በባሕር ጠለል ደረጃ ላይ ነው። አበበ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ።

እዚህ ላይ ነው ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ትምህርት ያለው። የሮም ድል ዜና ከሮም አንድ ወር በፊት አዲስ አበባ ላይ ተጽፎ ነበር፤ በሰዓት መያዣ ተጽፎ ነበር። ከአገር ውጪ ያነበበው ወይም ያመነው ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው በኋላ ሁሉም ያልታወቀ ሯጭ ብሎ የጻፈው። ያልታወቀ ሳይሆን ያልተጠየቀ ነበር።

ሮም

ውድድሩ የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ለእኛ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። አበበ እዚያ ያገኘው አዲስ ጫማ እግሩን ላጠው፣ አልተመቸውም። እሱና አሠልጣኙም የለመደውን እንዲያደርግ ወሰኑ። በቃ፣ የባዶ እግሩ ምስጢር ይኸው ነው። ድህነትም አይደለም፣ ትዕይንትም አይደለም። በማይመች ጫማ 42 ኪሎ ሜትር ከመሮጥ ለምዶት ባደገው እግር መሮጥ ይሻላል የሚል የባለሙያ ውሳኔ ነበር።

የሮም ማራቶን ከዚያ በፊት ከነበሩት ኦሊምፒኮች የተለየ ነበር፤ ስታዲየም ውስጥ አልጀመረም፣ ስታዲየም ውስጥም አላለቀም። የሮም ሙቀት ስለሚያስቸግር ሯጮቹ የተለቀቁት አመሻሽ ላይ ከካምፒዶልዮ ኮረብታ ሥር ነው። በድሮዎቹ ፍርስራሾች አጠገብ አልፈው ከከተማው ወጡ፤ ከዚያም በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ተመለሱ። ሲመሽ የጣሊያን ወታደሮች ዳርና ዳር ቆመው ችቦ አበሩላቸው። መንገዱ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የሮማ ጦር ይመላለስበት የነበረ፣ በጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ መንገድ ነው። አውሮፓዊ ሯጭ እንዲህ ያለ መሬት ላይ በባዶ እግር መሮጥን ሲያስብ ይዘገንነው ይሆናል። የሰሜን ሸዋን ኮረት ረግጦ ላደገ ሰው ግን የሚያስደነግጥ አልነበረም።

አበበ ከፊት ከሚመሩት ጋር ተጠግቶ ቆየ። ከውድድሩ አጋማሽ በኋላ አጠገቡ የቀረው ሞሮኳዊው ራህዲ ቤን አብደሰላም ብቻ ነው። አበበ ሊጠነቀቀው የሚገባው የራህዲ ቁጥር 26 ነው ተብሎ ተነግሮት ነበር፤ ራህዲ ግን የለበሰው 185 ነው። ስለዚህ አበበ አጠገቡ ያለው ሰው ዋናው ተፎካካሪው መሆኑን ሳያውቅ፣ ቁጥር 26ን ከፊቱ እየፈለገ ብዙ ኪሎ ሜትር ሮጠ ይባላል። አስቡት እንግዲህ፤ የሌለ ሰው እያሳደደ ነው የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረው።

መንገዱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ፖርታ ካፔና የሚባል አደባባይ ያልፋል። በዚያ አደባባይ ላይ በዚያን ጊዜ የቆመው የእኛው የአክሱም ሐውልት ነበር። የሙሶሊኒ ጦር በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ነቅሎ የወሰደው ሐውልት ነው። አበበና ኒስካነን መንገዱን ቀድመው አጥንተውት ስለነበር ማምለጥ ያለበት እዚያ አካባቢ እንደሆነ ተነጋግረው ነበር። ሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ አበበ ፈጠነ፤ ራህዲ ሊከተለው አልቻለም። በጣሊያን ወረራ ከቀዬው የተፈናቀለው የጃቶ ልጅ በተዘረፈው ሐውልት ሥር አልፎ፣ ከኮሎሲየም አጠገብ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር አንደኛ ሆኖ ገባ። ሰዓቱ 2:15:16.2 ነው። የሶቪየቱ ሰርጌ ፖፖቭ ይዞት የነበረውን የዓለም ምርጥ ሰዓት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት አሻሻለ። ራህዲን በ25 ሰከንድ ቀደመው። አበራቹ ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራም 7ኛ ወጣ።

ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ የመጣ ጥቁር ሯጭ የኦሊምፒክ ወርቅ ሲያገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዓመቱ ደግሞ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ነፃ የወጡበት ዓመት ነው። ድሉ ከስፖርት አልፎ የሄደው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ሐውልቱም በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆሟል።

ከድል በኋላ ያለው መንገድ

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። አበበ ግን ገና 28 ዓመቱ ነው። ከድሉ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አደረጉ። አበበ የዚያው ጦር ባልደረባ ስለነበር ለአጭር ጊዜ ታስሮ ተመረመረ፤ እጁ እንደሌለበት ታውቆ ተለቀቀ። ጓደኞቹ የሞቱበትና የታሰሩበት ጊዜ ነበር። ያም ሆኖ በሚቀጥለው የፀደይ ወቅት ሩጫውን ቀጠለ። አቴንስ ላይ፣ ኦሳካ ላይ፣ ኮሺትሴ ላይ ተራ በተራ አሸነፈ። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. ቦስተን ላይ ግን 5ኛ ወጣ። ሮጦ ከጨረሳቸው ዓለም አቀፍ ማራቶኖች ሁሉ ያላሸነፈው ይህንን ብቻ ነው። ጀግና አይሸነፍም ብለን ስለምናስብ ቦስተንን ማንም አያነሳትም፤ ግን እሷም የታሪኩ አካል ናት።

በ1957 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን አምስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ አበበ ደብረ ዘይት ላይ ልምምድ ላይ ሳለ ታመመ። ትርፍ አንጀት ነበር፤ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። እንዲህ ያለ ሰው በአምስት ሳምንት ውስጥ ማራቶን ይሮጣል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። እሱ ግን ሄደ። ጥቅምት 11 ቀን ከብሔራዊ ስታዲየም ተነስቶ በኮሹ አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ፣ ከዚያም በዚያው ተመልሶ የሚያልቀውን መንገድ ሮጠ። በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጓል። እስከ ግማሹ ድረስ ከአውስትራሊያዊው ሮን ክላርክና ከአየርላንዳዊው ጂም ሆጋን ጋር ቆየ፤ ከዚያ በኋላ ብቻውን ሆነ። 2:12:11.2 በሆነ ሰዓት የዓለምን ክብረ ወሰን እንደገና አሻሻለ። ሁለተኛው ሰው፣ እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ፣ ስታዲየም ሲደርስ ከአበበ 4 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ዘግይቶ ነበር። አበበ ሌሎቹን ሲጠብቅ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ እግሩን እያነሳ እየጣለ ያፍታታ ነበር። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሙዚቀኞቹ የእኛን ብሔራዊ መዝሙር ስለማያውቁት የጃፓንን ተጫወቱ ይባላል።

ባዶ እግር ቢሆን ኖሮ ምስጢሩ፣ ቶኪዮ ላይ በጫማ ሦስት ደቂቃ ሙሉ አሻሽሎ መግባቱን ምን ልንለው ነው? በሮምና በቶኪዮ መሐል ያልተለወጠው ልምምዱ፣ አሠልጣኙና የእንጦጦ ዳገት ነው።

ጃንሆይ ለዚህ ድል ማዕረግ ጨመሩለት፤ ነጭ ቮልስዋገን መኪናም ተሸለመ።

መጋቢት 13

ከቶኪዮ በኋላ እግሩ እያስቸገረው መጣ። በ1959 ዓ.ም. ስፔን ውስጥ ሳራውትስ በተባለ ቦታ ሲሮጥ ተጎድቶ አቋረጠ፤ ጉዳቱም ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ያም ሆኖ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ከተማ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰለፈ። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መቀጠል አቅቶት ወጣ። ድሉን ግን የአገሩና የጦር ክፍሉ ልጅ ማሞ ወልዴ አነሳው፤ 2:20:26.4 ገባ። አበበ ከጃቶ የጀመረውን መንገድ ሌላ ኢትዮጵያዊ ተረከበው ማለት ነው።

አምስት ወር ቆይቶ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ፣ አበበ ያቺን የተሸለማትን ቮልስዋገን እየነዳ ሳለ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ ውስጧ እንደተያዘ አደረ። ሲገኝ አከርካሪው ተጎድቶ ከአንገቱ በታች አይንቀሳቀስም ነበር። ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ታከመ። እጆቹ ዳኑለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ዕድሜው 36 ነበር።

በየቀኑ 20 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በአንዲት ሌሊት መቆም ሲያቅተው ምን ይሰማዋል? እኔ ይህንን መመለስ አልችልም፤ የእሱንም ስሜት ከራሴ ፈጥሬ አልጽፍም። ያደረገውን ግን መጻፍ እችላለሁ። ስቶክ ማንደቪል ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ውድድር የተወለደበት ቦታ ነው። አበበ እዚያ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ ተለማመደ፤ በ1962 ዓ.ም. በተካሄደው የስቶክ ማንደቪል ጨዋታም በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ተወዳደረ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ ውሾች በሚስቡት የበረዶ ተንሸራታች 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። የደጋ ልጅ፣ በበረዶ አገር፣ እግሩ ሳይንቀሳቀስ! በባዶ እግሩ ከማሸነፉ ይልቅ ይኼኛው ለምን እንደማይነገርልን አይገባኝም።

በ1964 ዓ.ም. የሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጋበዘ። ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበለት። ማራቶኑ የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን ነው፤ ከሮም ልክ 12 ዓመት በኋላ በዚያችው ቀን። ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ አበበን ጨበጠው። ማሞ ወልዴም ሦስተኛ ወጥቶ ነበር።

አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። መነሻው የመኪናው አደጋ ያስከተለው ጉዳት ነው። ባለቤቱ ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስና አራት ልጆች ቀሩ። በቀብሩ ላይ 65,000 ያህል ሕዝብ ተገኘ፤ ጃንሆይም ተገኙ፤ ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታወጀ። መቃብሩ አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ነው።

መንገዶቹ ዛሬ

ከአበበና ከማሞ በኋላ የኦሊምፒክ ማራቶንን ፋጡማ ሮባ በ1988፣ ገዛኸኝ አበራ በ1993፣ ቲኪ ገላና በ2004፣ ታምራት ቶላ በ2016 ዓ.ም. አሸንፈዋል። ከእነዚህ ውስጥ ፋጡማና ቲኪ ከአርሲ በቆጂ አካባቢ የወጡ ናቸው። የሻምፒዮኖቻችን ታሪክ ደጋግሞ የሚጀምረው ከደጋ ገጠር ነው፤ ከእግር መንገድ፣ ከእርሻ ዳር፣ ከዳገት። ዛሬም በማለዳ ወደ እንጦጦ፣ ወደ ሰንዳፋ፣ ወደ ሱሉልታ የሄደ ሰው በቡድን በቡድን ሆነው የሚሮጡ ልጆችን ያያል። አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ናቸው። ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ ልክ አበበን በሐምሌ 1952 ዓ.ም. ማንም እንዳላወቀው።

መሬቱ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ሱሉልታ በአበበ ጊዜ ሜዳና ግጦሽ ነበር። ዛሬ ቤትና ፋብሪካ ተሠርቶበታል፤ በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የሸገር ከተማ ውስጥ ተካቷል። ከተማ አይደግ ማለት አይቻልም፤ ሰው ቤት ያስፈልገዋል፣ ሥራ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ሯጩ ከለስላሳው ሣር እየተገፋ አስፋልት ዳር ከጭነት መኪና ጋር ሲጋፋ፣ መንገድ የሚባለው ነገር እየጠበበ መሆኑን መናገር አለብን። ስታዲየም በአበበ ስም መጥራት ጥሩ ነው። አበበን የሠራው ግን ስታዲየም አልነበረም።

በ2002 ዓ.ም. በሮም ማራቶን የአበበ ድል 50ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ አሸናፊው ሲራጅ ገና ሊገባ 300 ሜትር ያህል ሲቀረው ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ገባ። ደስ የሚል ክብር ነው። ዓለም አበበን የሚያስታውሰው በእግሩ ጫፍ መሆኑንም ያሳያል። እኛ ግን የዚህ አገር ጋዜጠኞች ለመሆን የምንማር ሰዎች ከዚያ ከፍ ያለውን ማስታወስ ይጠበቅብናል። ነገ አንድ ሯጭ አሸንፎ ሲመጣ ምን ተሰማህ ብለን ማይክ ከመደቀናችን በፊት የት ነው የምትሮጠው፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ መንገዱስ ዛሬ አለ ወይ ብለን እንጠይቅ። የጃቶን የእግር መንገድና የሱሉልታን ዳገት የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም በሕይወት ካሉ፣ ቴፕ ይዞ ሄዶ መቅዳት ለአንድ የዲፓርትመንታችን ተማሪ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል። የሚሄድ ካለ ቶሎ ይሂድ፤ የሚያስታውሱት እየቀነሱ ነው።